ሐኪሙ፣ እምቢ ያለው ታካሚ እና ከሁለቱም በፊት የነበረው ጥርጣሬ

መካከለኛው አፍሪካ ውስጥ ነጻ የደም ምርመራ ሲቀርብላቸው «አይሆንም» የሚሉ ሰዎች በብዛት የሚገኙባቸው አካባቢዎች አሉ። ምርመራው ጣት ጫር ተደርጎ ጠብታ ደም መስጠት ነው። እዚህ ግባ የሚባል ሕመም የለውም። ታዲያ ለምን እምቢ ይላሉ? የጤና ባለሙያ አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ግንዛቤ የላቸውም» የሚል ነው።

ሳራ ሎውስ እና ኤድዋርዶ ሞንቴሮ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ግን በ2021 ሌላ መልስ ይዘው መጡ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፈረንሳይ ከ1921 እስከ 1956 በካሜሩንና በአካባቢው ቅኝ ግዛቶቿ የእንቅልፍ በሽታን ለማጥፋት ዘመቻ ታካሂድ ነበር። የመንደሩ ሰው በግድ ይሰበሰባል፣ ይመረመራል፣ ይወጋል። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የዓይን ነርቭ ይጎዱ ስለነበር ታክመው የታወሩ ሰዎች ነበሩ። ሎሚዲን የተባለው ደግሞ በተወጋበት ቦታ ጋንግሪን (የሥጋ መበስበስ) አስከትሎ ሰው የገደለበት ጊዜ አለ። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ይህንን ነው፦ ዘመቻው ደጋግሞ በደረሰባቸው አካባቢዎች ዛሬም ደም አልሰጥም የሚለው ሰው ይበዛል፤ የልጆች ክትባትም ያንሳል። ዛሬ እምቢ ከሚሉት አብዛኞቹ ያኔ አልተወለዱም።

የተወረሰ ጥርጣሬ ማለት እንዲህ ያለው ነው። ማንም እናት ልጇን አስቀምጣ «ሐኪም አትመን» ብላ ትምህርት አትሰጥም። መርፌ ሲነሳ ፊቷ ይለወጣል፤ ልጁ ያያል። የታወረው አያት ስም ሲነሳ ቤቱ ጭጭ ይላል፤ ልጁ ይህንንም ያስተውላል። ከጊዜ በኋላ ታሪኩ ይረሳና ፍርሃቱ ብቻ ይቀራል። ያ ልጅ አድጎ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ለምን እንደማይፈልግ ቢጠየቅ ምክንያቱን ራሱም አያውቀውም። «አልፈልግም» ይላል፣ አለቀ። ሐኪሙም ምክንያት ያልተሰጠበትን እምቢታ እንደ ድንቁርና ይቆጥረዋል።

ሌላው ምሳሌ በዓለም የታወቀ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ ነው የሚነገረው። በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት፣ ተስኪጊ ውስጥ የመንግሥቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1932 እስከ 1972 ድረስ 600 ጥቁር ወንዶችን ይከታተል ነበር። ከእነዚህ 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። በሽታቸው ምን እንደሆነ አልተነገራቸውም፤ «መጥፎ ደም አለባችሁ» ነው የተባሉት። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም ከለከሏቸው። በሽታው ሳይታከም ሲቀር ሰውን ምን እንደሚያደርግ ማየት ነበር የተፈለገው። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቃል።

ብዙ የማይነገረው ነገሩ በ1972 ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ የሆነው ነው። ማርሴላ አልሳን እና ማሪያን ዋናሜከር በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተስኪጊ ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበራቸው ጥቁር ወንዶች ጭምር ከወሬው በኋላ ሐኪም ዘንድ መሄድ መቀነሳቸውን አሳይተዋል። ለቦታው ቅርብ በሆኑት ላይ ደግሞ ውጤቱ ይበረታ ነበር። በ45 ዓመቱ ላይ ያለ ጥቁር ወንድ ወደፊት ይኖራል ተብሎ ከሚጠበቀው ዕድሜ እስከ አንድ ዓመት ተኩል እንደተቀነሰም ገምተዋል። እንግዲህ ጥርጣሬው ምክንያት ነበረው። ያው ጥርጣሬ ግን የጎዳው ተጠራጣሪውን ነው። በእኔ አስተያየት ሐኪም ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ አለበት። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ታካሚውን «መብቱ ነው» ብሎ ይሸኘዋል። ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ደግሞ ይቆጣል።

አሁን ወደ ነጩ ጋውን እንምጣ። ሐኪሙም ወራሽ ነው። ከቤቱና ከሰፈሩ ያመጣው አለ፤ እሱን ማንም ይገምተዋል። የሚያስገርመው ሐኪም ለመሆን ሲማር የሚወርሰው ነው።

በ2016 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ ጥናት ነጭ የሕክምና ተማሪዎችንና ሬዚደንቶችን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞችን) ጠየቀ። ግማሽ ያህሉ ስለ ጥቁር ሰው አካል ቢያንስ አንድ የተሳሳተ ነገር ያምኑ ነበር። የጥቁር ሰው ቆዳ የወፈረ ነው፣ የነርቭ ጫፎቹ ሕመም የመስማት አቅማቸው ያነሰ ነው፣ ይህን የመሳሰለ። ይህንን የሚያምኑት የጥቁር ታካሚን ሕመም ዝቅ አድርገው ገመቱ፤ ለሕመሙ ያቀረቡት የሕክምና ሐሳብም ትክክለኛነቱ ያነሰ ነበር። ይህ እምነት የመጣው ከላቦራቶሪ አይደለም። የባርነት ዘመን ሐኪሞች ጽፈውት የቆየ ነው። በ1840ዎቹ ጄምስ ማሪዮን ሲምስ በባርነት የተያዙ ሴቶችን ያለማደንዘዣ ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና ያደርግላቸው ነበር። እንደዚህ ያለውን ነገር ተሸክሞ ለመኖር «እነሱ ብዙም አያማቸውም» የሚል ሐሳብ በጣም ይመቻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚያ ተማሪዎች ታካሚን የሚጠሉ ሰዎች አልነበሩም። ጥላቻ ሳይኖር ጥላቻ የፈጠረውን ሐሳብ መሸከም ይቻላል።

ከአእምሮም አልፎ ጉዳዩ ዕቃና ቀመር ውስጥ ይገባል። የኩላሊትን አቅም በደም ምርመራ ለማስላት በ1999 የወጣ ቀመር ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.18 ያበዛ ነበር። በ2009 የመጣውም በ1.159 ያበዛ ነበር። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የጥቁሩ ታካሚ ኩላሊት ወረቀት ላይ ከነጩ የተሻለ ሆኖ ይታይ ነበር። ስለዚህ ወደ ስፔሻሊስት የሚላክበትና ለንቅለ ተከላ ወረፋ የሚያዝለት ጊዜ ይዘገይ ነበር። ቀመሩ የተቀየረው በ2021 ነው። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያም አለ። በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያሳየ ትክክለኛው የደም ኦክስጅን ከ88 በመቶ በታች የሆነባቸውን አጋጣሚዎች ቆጠረ። በነጭ ታካሚዎች 3.6 በመቶ ነበር፤ በጥቁሮች 11.7 በመቶ። ኮቪድ ዓለምን ባጥለቀለቀበት ዓመት! ታካሚው «መተንፈስ አቃተኝ» ይላል፤ መሣሪያው «ደህና ነህ» ይላል። ሐኪሙ ማንን እንደሚያምን መገመት አይከብድም። ሐኪሙ ምንም ክፋት አላሰበም። የወረሰው መሣሪያ ነው የዋሸው።

ሦስተኛው የውርስ መንገድ ካርዱ ነው። በጣም የማስብበትም እሱ ነው። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት የሕክምና ተማሪዎችና ሬዚደንቶች ስለ አንድ ምናባዊ ታካሚ የተጻፈ ማስታወሻ እንዲያነቡ አደረገ። ታካሚው ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ አለበት፣ ከባድ ሕመም ይዞት መጥቷል። ለአንዳንዶቹ የተሰጠው ማስታወሻ ገለልተኛ ነው። ለሌሎቹ የተሰጠው ደግሞ ሰውዬው መድኃኒት ፈላጊ፣ አስቸጋሪ ዓይነት እንደሆነ የሚያስመስል ነው። የሕክምና መረጃው አንድ ነው። ሁለተኛውን ያነበቡት ግን ሰውዬውን በክፉ ዓይን አዩት፤ ለሕመሙም ያዘዙለት ማስታገሻ አነሰ። ፊቱን እንኳ አላዩትም! በ2022 ቺካጎ ላይ የተሠራ ጥናትም በጥቁር ታካሚዎች ካርድ ላይ «አይተባበርም» ዓይነት አሉታዊ መግለጫ የመገኘቱ ዕድል ከነጮቹ ከ2.5 እጥፍ በላይ እንደሆነ አሳይቷል። ትናንት ማታ የደከመው ተረኛ በብስጭት የጫራት አንድ መስመር ለሚቀጥሉት ሐኪሞች ሁሉ ትደርሳለች። ታካሚው በሩን ሲከፍት ሐኪሙ ካርዱን አንብቦ ጨርሷል።

እንግዲህ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወራሾች ተቀምጠዋል። አንደኛው ሊጎዱኝ ይችላሉ ብሎ ይጠብቃል። ሌላኛው ያስቸግረኛል ብሎ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሲሸሽ የሁለተኛው ግምት ይጸናል፣ ሁለተኛው ሲቆጣ የመጀመሪያው ፍርሃት ይረጋገጣል። እንደ እሽክርክሪት ነው። ማን ቀድሞ ያቁመው? ሐኪሙ ነው። ሥልጣኑም፣ ዕውቀቱም፣ ወንበሩም የእሱ ነው። ታካሚው ልብሱን አውልቆ የተቀመጠ ሰው ነው።

ታዲያ እንዴት? «ልብህን አጽዳ» የሚለው ምክር ብዙ አያስኬድም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ዲቫይን በ1989 እንዳሳየችው፣ ከባህል የሰማነው የጅምላ አስተሳሰብ ባናምንበትም በራሱ ጊዜ ብቅ ይላል። መቆጣጠር የሚቻለው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜና ትኩረት ያስፈልጋል። ተረኛ ሐኪም የሌለው እነዚህኑ ሁለቱን ነው። የግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጥቶ የምስክር ወረቀት ማደልም ብዙ አይለውጥም። በ2019 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ሰዎች በድብቅ አድልዎ መለኪያ ላይ ያመጡት ለውጥ ባሕርይ ላይ ለውጥ ማምጣቱን የሚያሳይ ነገር አላገኘም።

የተሻለ የሠራው ደረቅና አሰልቺ ነገር ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ደም በደም ሥር ውስጥ እንዳይረጋ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት ለሴት ታካሚዎች በሚፈለገው መጠን እንደማይታዘዝ ታወቀ። ማንም ሆን ብሎ አልከለከለም። ዝም ብሎ ይዘነጋል። ሆስፒታሉ ለእያንዳንዱ ታካሚ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በኮምፒውተር ሳይሞሉ ማለፍ እንዳይቻል አደረገ። ልዩነቱ ጠፋ። ሐኪሞቹ በአንድ ሌሊት ተለውጠው ቅዱሳን አልሆኑም። የመዘንጋት ነጻነታቸው ነው የተወሰደው። አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ከሆነ፣ ገንዘቡን እዚህ ላይ ቢያውል እመክራለሁ።

ማስረጃ መሙያ ቅጽ ግን እምቢ ያለውን ሰው አያሳምንም። ያ በንግግር ነው የሚሆነው።

በካሊፎርኒያ ኦክላንድ የተደረገ ሙከራ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። ጥቁር ወንዶች በዕጣ ለጥቁር ወይም ጥቁር ላልሆነ ሐኪም ተመደቡ። በመጀመሪያ የሐኪሙን ፎቶ ብቻ አይተው የሚፈልጉትን ምርመራ መረጡ፦ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ የመሳሰለውን። በዚህ ጊዜ ልዩነት አልታየም። ፎቶው ብቻውን ምንም አላደረገም። ከሐኪሙ ጋር ተገናኝተው ካወሩ በኋላ ግን ጥቁር ሐኪም የደረሳቸው ብዙዎች ሐሳባቸውን ለወጡ። ልዩነቱ የሰፋው ደም መስጠት በሚጠይቁት ምርመራዎች ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህ ዓይነት ለውጥ ቢስፋፋ በጥቁርና በነጭ ወንዶች መካከል ያለውን የልብ በሽታ ሞት ልዩነት 19 በመቶ ሊያጠብ ይችላል ብለው ገምተዋል።

«ስለዚህ ለእያንዳንዱ ከዘሩ ሐኪም እንመድብለት» የሚል ይኖራል። አይሆንም። አንደኛ፣ አይዳረስም። ሁለተኛ፣ ሰውን ለይቶ ማከም ጥርጣሬውን ለልጅ ልጅ ያቆየዋል። ከሙከራው የምወስደው ሌላ ነገር ነው። ሥራውን የሠራው ንግግሩ ነው፤ ታካሚዎቹ ለጥቁሮቹ ሐኪሞች ስለ ሌሎች የጤና ችግሮቻቸውም አውርተዋል። ሌላም አለ። ጥቁር ላልሆኑት ሐኪሞች ታካሚዎቹ የሰጡት ውጤት ዝቅተኛ አልነበረም። ከእነሱም ደስ ብሏቸው ነው የወጡት። ተደስቶ መውጣትና ማመን ለየቅል ናቸው ማለት ነው። በአስተያየት መስጫ ሣጥን የሚኩራሩ የጤና ተቋማት ይህንን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ያንን ዓይነት ንግግር ማንኛውም ሐኪም መማር ይችላል። መጀመሪያ ዝም ማለት ነው። በ1984 የተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት ሐኪሞች ታካሚውን በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡት አገኘ። ሰው ደግሞ ዋናውን ጉዳይ መጀመሪያ አያወጣም። የሚያፍርበትንና የሚፈራውን ወደ በሩ ሲጠጋ ነው የሚናገረው።

ቀጥሎ መጠየቅ። ሐኪምም አንትሮፖሎጂስትም የሆነው አርተር ክላይንማን ከባልደረቦቹ ጋር በ1978 ያቀረባቸው ጥያቄዎች እስካሁን ተወዳዳሪ የላቸውም። ሕመሙን ያመጣው ምን ይመስልዎታል? ለምን አሁን ጀመረ? ከዚህ በሽታ በጣም የሚያስፈራዎት ምንድን ነው? ምን ዓይነት ሕክምና ይሻለኛል ብለው ያስባሉ? ታካሚው ለመጀመሪያ ጊዜ አዋቂ ሆኖ ይጠየቃል። ለእምቢተኛ ታካሚ እኔ አንድ እጨምራለሁ፦ «ከዚህ በፊት እርስዎን ወይም ቤተሰብዎን ሐኪም ያስቀየመበት ጊዜ ነበር?» ይህን ጥያቄ የሚፈሩ ሐኪሞች አሉ። ክስ የሚከፍት ይመስላቸዋል። እንደ እኔ ግን ቁጣውን የሚያበርደው እሱ ነው። መልሱ ከመጣ መከራከር የለም። «ያኔ እኮ ዘመኑ...» ማለትም የለም። «ይህ መደረግ አልነበረበትም» ማለት ይበቃል።

ሦስተኛው አለመግፋት ነው። ዊሊያም ሚለር የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1983 ከጠጪዎች ጋር ከሠራው ሥራ የጀመረ አንድ ዘዴ አለ። መሠረቱ ቀላል ነው። ወላዋይ ሰው ውስጥ ሁለት ድምፅ አለ፤ አንዱ «ልታከም» ይላል፣ ሌላው «ይቅርብኝ»። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ጮክ ብሎ ሲናገር ለታካሚው የሚተርፈው ሁለተኛው ነው። አፉ እምቢታውን ሲከላከል ጆሮው ይሰማዋል፣ ይጸናበታል። ስለዚህ ፈቃድ ጠይቆ መናገር ይሻላል፦ «ስለ ምርመራው የማውቀውን ላካፍልዎት?» ተናግሮ ደግሞ መጠየቅ፦ «ይህን ሲሰሙ ምን አሰቡ?» ጊዜ ይፈጃል የሚል ቅሬታ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ይፈጃል። ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥቶ ያልመጣ ሰው መጠበቅም ይፈጃል።

ምርጫ መስጠትም ይረዳል። ደም ከየትኛው ክንድ ይወሰድ? ዛሬ ወይስ በሚቀጥለው ሳምንት? ዘመድ አብሮ ይግባ? በግድ የመወጋት ታሪክ ላለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መርፌው ከመነሳቱ በፊት እጁ የራሱ መሆኑን ያረጋግጣል።

ከታካሚው ወገን ደግሞ አጭር ቃል። ጥርጣሬን ሸሽጎ ከመቅረት ጥርጣሬን ይዞ መጥቶ መናገር ይሻላል። ምን አማራጭ አለኝ? የእያንዳንዱ ጥቅምና ጉዳት ምንድን ነው? ምንም ባላደርግስ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሚነፍግ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። መልስ የሚሰጥ ካገኛችሁ ግን አያቶቻችሁ ያጋጠማቸው ሐኪም እሱ አይደለም።

እስካሁን ያወራሁት በደል ስለወለደው ጥርጣሬ ነው። ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ተራ ንቀትም አለ። «ከእነ እገሌ ወገን የሆነ ሐኪም እንዳይነካኝ» የሚል ታካሚ አለ። እዚህ ላይ ምክንያቱን መለየት ያስፈልጋል። ተደፍራ የመጣች ሴት ሴት ሐኪም ብትጠይቅ ንቀት አይደለም፣ ቁስል ነው። ቋንቋ የማይግባባ ሰው ቋንቋውን የሚችል ቢፈልግም እንዲሁ። በ2016 በአንድ ትልቅ የሕክምና መጽሔት የወጣ ምክር እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ የሚታዩ ነገሮችን ዘርዝሯል፦ የታካሚው ሕመም ምን ያህል አጣዳፊ ነው? በትክክል የማሰብ አቅም አለው? የጠየቀው ለምንድን ነው? ምን አማራጭ አለ? በሐኪሙ ላይስ ምን ያደርጋል?

ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ከሆነ መጀመሪያ ሕይወቱ ይተርፋል። በደም ማነስ፣ በኢንፌክሽን ወይም በጭንቅላት ጉዳት የሚዘባርቅ ሰው የሚሳደበውን ከራስ መቁጠር አይገባም። የተረጋጋና አውቆ የሚሳደብ ከሆነ ግን ድንበር ያስፈልገዋል፦ «ላክምዎት ዝግጁ ነኝ። በስድብ ግን አንቀጥልም።» ይህንን መናገር ያለበት ደግሞ የተሰደበው ወጣት ሐኪም ብቻውን አይደለም። አለቃው ነው። ብዙ ቦታ የሚደረገው ግን ሐኪሙን በዝምታ ለውጦ ነገሩን ማለፍ ነው። ለዚያ ፈረቃ ሰላም ይገዛል። የሚለወጠው ሐኪም ግን የሚማረው ነገር አለ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የዚያ ወገን ታካሚ ሲመጣበት ይዞት ይገባል። እንዲህም ይወረሳል።

ሁሉም ተደርጎ ታካሚው አሁንም «አይሆንም» ሊል ይችላል። መረጃው ገብቶት፣ ለራሱ ሁኔታ ምን ማለት እንደሆነ ተረድቶ፣ አመዛዝኖና ውሳኔውን በግልጽ ተናግሮ እምቢ ያለ አዋቂ ሰው እምቢታው ይከበራል። ለሐኪሙ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። የሚያሰጉ ምልክቶችን ይነግረዋል፤ ሐሳቡን ከለወጠ የት፣ መቼ፣ ማንን እንደሚያገኝ ያሳውቀዋል። ካርዱ ላይም «አይተባበርም» ብሎ አይዘጋውም። ታካሚው የሰጠውን ምክንያት፣ ታካሚው ባለው አነጋገር ይጽፈዋል፦ «አባቱ በመርፌ ምክንያት እግሩን እንዳጣ ይናገራል። ስለ ክኒን ለመነጋገር ፈቃደኛ ነው።»